የክርስትና ስም የጠራው መኪና

ከኮልፌ ወደ ፒያሳ የሚሄደው አውቶቡስ በዚያ ጠዋት ዘገየ። ባይዘገይ ኖሮ አቶ ተክለማርያም ከጉልላት ጋር ባልተገናኙ፣ ልጃቸው ወርቅዬም ያለ አንዳች ጥፋት ከሥራዋ በወጣች ነበር።

አቶ ተክለማርያም ከጎጃም መጥተው እዚህ ቤት ከሠሩ ጀምሮ ሰፈሩ በጨዋነታቸው ያከብራቸዋል። ጡረታ እስኪወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። የዳኛውን ማኅተም ይይዙ የነበሩት እርሳቸው ናቸውና ዛሬም ስለ ዝናብ ሲያወሩ እንኳ ውሳኔ የሚያነቡ ይመስላሉ። በዚያ ጠዋት ግን ያ ሁሉ ግርማ ሞገስ የት እንደገባ እንጃ። ፌርማታው ላይ ቆመው ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ያዛውራሉ፤ ኩታቸውን ያስተካክሉና መልሰው ያበላሹታል። ከወርቅዬ በቀር ልጅ የላቸውም፤ ትናንት ማታ ከሰሙት ነገር ወዲህ ዓይናቸው አልተከደነም።

“እንደምን አደሩ አባባ?” አለ ጉልላት ከኋላቸው መጥቶ እጅ እየነሳ። ጉልላት የጎረቤት ልጅ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሒሳብ ያጠናል። ሰፈርተኛው በሁለት ነገር ያማዋል፤ ጠጉሩን ባለማበጠሩና መልስ አጥቶ ባለማወቁ።

“እግዚአብሔር ይመስገን፣ ነግቶልኛል። አደርኩ ግን አልልህም።”

“ምነው፣ አመመዎት እንዴ?”

“እኔንማ ምን ያመኛል፤ የልጄ ነገር ነው እንጂ። ወርቅዬን ከዚያ መሥሪያ ቤት ላስወጣት እየሄድኩ ነው። ‘በቃኝ ብላለች’ ብዬ ለአለቃዋ ነግሬ እመለሳለሁ። ከዚያ ጎጃም፣ ደጀን ያለችው አክስቷ ዘንድ እሰዳታለሁ።”

“ወርቅዬ በቃኝ አለች?”

“እኔ ብያለሁ!” አሉ፤ ወዲያው ግን ሰው ሰማን ብለው ዞር ዞር አሉ።

ጉልላት ደነገጠ። ወርቅዬ የምትሠራበት ቦታ ኮምፒዩተር የሚሉት አስሊ መኪና ገብቷል። እርሷ እስካሁን መኪናው የሚያነባቸውን ካርዶች ስትበሳ ቆይታ፣ ለመኪናው ትእዛዝ የሚጽፉትን ሰዎች ሙያ እንድትማር ተመርጣለች። ትምህርቱ የሚጀመረው በዚያ ቀን ነው፤ ያልተገኘ ቦታው ለሌላ ይሰጥበታል።

“አባባ፣ ምን አጠፋች?”

ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “ያ መኪና በክርስትና ስሟ ጠራት።”

ነገሩ እንዲህ ነው። ትናንት አሠልጣኙ የተመረጡትን መኪናውን ሊያሳያቸው ሰብስቦ ‘መሥሪያ ቤቱ የማያውቀው ስም ምረጡና መኪናው ሰላምታ ይስጥላችሁ’ ቢላቸው፣ ወርቅዬ በጨዋታ የክርስትና ስሟን ከእናቷ ስም ጋር ካርድ ላይ በሳችው። መኪናውም ‘ወለተጻድቅ የሰርኬ ልጅ፣ እንደምን ዋልሽ’ ብሎ በፈረንጅ ፊደል ወረቀት ላይ አወጣላት። ወረቀቱን ይዛ መጥታ እየሳቀች ለአባቷ አነበበችላቸው። እርሷ የሚኮሩባት መስሏት ነበር፤ እርሳቸው ግን ማዕዱን ገፍተው ተነሡ።

“የክርስትና ስምንና የእናትን ስም አጣምሮ የሚጠይቅ ማን እንደሆነ አንተም ታውቃለህ” አሉ። “ድግምት የሚደግም ሰው ነው። እኛ ያንን ስም ከቄሱና ከቤተሰብ በቀር ለማንም ሳንነግር ነው ያሳደግናት።”

“ስሙን የሰጠችው እርሷ ናት እኮ። መኪናው የተሰጠውን መልሶ አወጣ እንጂ ምን አደረገ? እርስዎ ያን ሁሉ ዘመን የዳኛውን ማኅተም ይዘዋል። ማኅተሙ የዳኛውን ስም ወረቀት ላይ ስላወጣ፣ ማኅተሙ ፈረደ ይባላል?”

“አይባልም። ግን ማኅተም አይመልስም። ይኼኛው ስትሳሳት ‘ተሳስተሻል’ ይላታል! የእኔ ማኅተም አንድ ቀን ‘ተክለማርያም፣ ይህ ፍርድ ተጣሟል’ ቢለኝ ኖሮ ጥዬው ነበር የምሮጠው።”

“‘ተሳስተሻል’ የሚለውን ቃል አስቀድሞ የጻፈው ሰው ነው። ቀዳዳው ቦታውን ሲስት ይህን አውጣ ብሎ አዞታል።”

“ልጄን ሳያያት የሚገስጻት ሰው አለ ማለት ነው?”

ጉልላት አመነታ። “አለ።”

“የት?”

“ባሕር ማዶ ይሆናል።”

“እንግዲያውስ ከጋኔን ይብሳል” አሉ አቶ ተክለማርያም። “ጋኔንስ በጸበል ይለቃል።”

የተማረ ሰው ሊያጽናና ሲሞክር እንዲህ ያደርጋል፤ አንዱን ፍርሃት ገፍቶ የባሰውን ያስገባል። ጉልላት ይህ ገባውና ሌላ ሊናገር አፉን ሲከፍት ሽማግሌው ቀደሙት።

“ቆይ፣ አንድ ነገር መልስልኝ። አንተ ልብ እንዳለህ እኔ በምን አወቅሁ? ልብህን ከፍቼ አላየሁም። ስጠይቅህ ስለምትመልስ፣ ስሳሳት ስለምታርመኝ ነው። መኪናውም ይህንኑ ያደርጋል። ታዲያ አንተን ሰው ብዬ እርሱን ዕቃ የምለው በምን ፍርድ ነው?”

መልስ የማያጣው ጉልላት ያልተበጠረ ጠጉሩን አከከ። ስለ ልብ ስንት ሲከራከር ኖሮ እንዲህ አጥብቆ የያዘው ሰው አልነበረም። አውቶቡሱ ይመጣ እንደሆነ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ወደሚሉት ሰፈር አቅጣጫ አየ፤ አልመጣም። “ላረጋግጥልዎት አልችልም” አለ በመጨረሻ። “አሁን እኔ ልጠይቅዎ። ትናንት ያን ስም ሲሰሙ ምን ሆኑ?”

“ማዕዱን ገፍቼ ተነሣሁ።”

“ለምን?”

ሽማግሌው ከዘራቸውን ጨበጥ አደረጉ። “ስትወለድ ትንፋሽ አጥሯት ነበር። የክርስትና ቀኗ እስኪደርስ አትቆይም ብለን፣ ቄሱን ቤት ድረስ ጠርተን አጠመቅናት። ወለተጻድቅ ሲሏት እኔ ‘እንግዲህ በዚህ ስም ልቀብራት ነው’ እያልኩ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ስሙን ስሰማ የምትታየኝ ያቺ ሕፃን ናት።”

“መኪናው ስሙን ሲያወጣ ማንም አልታየውም” አለ ጉልላት ድምፁን አለስልሶ። “ቀጥሎ የስሚንቶ ከረጢት ብዛት ቢሰጡት በዚያው አኳኋን ያወጣዋል። መብራቱን ሲያጠፉት ‘ልጅቷ በሰላም ገባች ይሆን?’ አይልም። እርስዎና እርሱ አንድ ስም አገኛችሁ፤ እርስዎ ግን እንቅልፍ አጡ። አባባ፣ ወለተጻድቅን የሚያውቃት እርስዎ ነዎት። እርሱ ፊደሏን ነው ያገኘው።”

አቶ ተክለማርያም ኩታቸውን አስተካከሉ፤ አሁን ግን መልሰው አላበላሹትም። ደረታቸው ላይ ተቀምጦ ያደረው ነገር ጥቂት ሸሸት ያለ መሰላቸው። ቢሆንም በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም።

“ነገ የሚፈራ መኪና ቢሠሩስ?” አሉ።

“እንጃ፣ ያን ጊዜ ምን እንደምንለው አላውቅም። እኔንም ያስፈራኛል። ለዚህ ነው ከአጠገቡ ከእኛ ወገን ሰው መጥፋት የሌለበት። አሁን ትእዛዙን የሚጽፉለት የክርስትና ስም ምን እንደሆነ የማያውቁ ሰዎች ናቸው። ነገ ‘ሰውን ሁሉ የክርስትና ስሙን ጠይቅ’ ብለው ቢያዙት፣ ‘ይህ በእኛ አገር አይጠየቅም’ የሚላቸው ማን ነው? ወርቅዬ ከተማረች እርሷ ትላለች። እጇም ብዕሩ ላይ ይሆናል፤ ትእዛዝ ሰጪ እንጂ ተገሣጭ አትሆንም። ከእርሷ ኋላ የሚመጡትንም በገዛ ቋንቋቸው ታስተምራለች። ደጀን ከሰደዷት ግን መኪናው እንደሆነ አይቆምም፤ እርሷ ብቻ ናት የምትጎድለው።”

ይህን ሲል አውቶቡሱ አቧራውን እያስነሳ ደረሰ። አቶ ተክለማርያም አንድ እግራቸውን ደረጃው ላይ አድርገው ቆሙ። ከኋላቸው ያለው ሰው “ይግቡ እንጂ አባት!” ብሎ ጮኸ። እርሳቸው ግን እግራቸውን መለሱ።

“ጉልላት፣ ይህን አውቶቡስ አቁምልኝ።”

“አባባ፣ አውቶቡስ እኮ ነው!”

“ሒሳብ ተምረሃል፤ መላ ፈልግለት!” ብለው ኩታቸውን ሰብስበው ወደ ቤታቸው ገሰገሱ። የቀድሞው የፍርድ ቤት ጸሐፊ እንዲያ ሲሮጡ ያየ ሰፈርተኛ እሳት የተነሣ መስሎት ከደጁ ወጣ። ሰው በዚያ ዕድሜው የወሰነውን በግማሽ መንገድ መሻር እንዴት እንደሚከብደው የምናውቅ ሁሉ ያን ሩጫ ልናከብረው ይገባል።

ወርቅዬ ዓይኗ አብጦ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች።

“ተነሺ፣ አውቶቡሱ ቆሟል” አሏት።

“ወዴት አባባ? ደጀን?”

“ትምህርትሽ!”

ጫማዋን እንዳገኘች አጥልቃ ተከተለቻቸው። ጉልላት በሩ ላይ ተደግፎ ከትኬት ቆራጩ ጋር ይጨቃጨቃል፤ የተሳፈረው ሰው ሁሉ ይሳደባል። ወርቅዬ ደረጃው ላይ ወጥታ ዞር ስትል አባቷ ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲያዛውሩ አየች።

“አባባ፣ አሁንም ይፈራሉ እንዴ?”

“እፈራለሁ” አሉ አቶ ተክለማርያም። “መፍራቱን ለእኔ ተይው፤ አንቺ ተማሪ።”