እምቢ የማይል ማሽን

ዝናብ አባሮኝ አንድ በረንዳ ስር ብጠጋ፣ የጎረቤቴ የጫጩት ማስፈልፈያ ቤት ሆኖ አገኘሁት። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ከውስጥ የሚወጣው ሽታ ግን የተቀቀለ እንቁላል ነው። ጎረቤቴ ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቷን የምታስተዳድረው በተከራየቻት በዚህች ክፍል ነበር፤ ለዚህ ዙር ያላትን ሁሉ አውጥታበታለች። አሁን መሬት ላይ ተቀምጣ የተሰነጠቁትን እንቁላሎች ወደ ባልዲ ትለቅማለች። አለማልቀሷ ይብስ አንጀቴን በላው።

ማሽኑ አጠገብ ሁለት ሰዎች ይከራከራሉ፦ ማሽኑን የሠሩላት ሽማግሌ መሐንዲስ ታላቅ ወንድሟ፣ እና ሶፍትዌር የተማረችው ልጇ።

«ሙቀቱን ሠላሳ ሰባት ልትል ሰባ ሦስት ብላ አስገባች። ማሽኑ ምን ያድርግ? የታዘዘውን ፈጸመ» አሉ ሽማግሌው።

«አጎቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ጥፋቱ መፈጸሙ ነው። ትእዛዙን ተቀብሎ ለማሞቂያው የሚያደርሰውን ፕሮግራም፣ ድራይቨሩን፣ የጻፉት እርስዎ ነዎት። ከማድረሱ በፊት ቁጥሩ ከልክ አለማለፉን መመርመር ነበረበት።»

«ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ማሽን ሠርቻለሁ። ማሽን ሲታዘዝ መልሱ እሺ ነው። ባለቤቱን የሚጠይቅ ማሽን ባለቤቱን ንቋል።»

ስንቱ አዋቂ በዚህ «አክብሮት» ሲመካ ሰምቻለሁ! ሰው እንደማይሳሳት ቆጥሮ መሥራት ማክበር አይደለም፤ በጭንቅ ሰዓት ብቻውን ጥሎት መሄድ ነው።

«እናቴ ዓይኗ ደክሟል» አለች ልጅቷ። «እርስዎስ ያለ መነጽር ቁጥር ያነባሉ?»

ሽማግሌው መነጽራቸውን ነካ አደረጉ። «እና ማሽኑ ምን ይበል? ዝም ብሎ ወደ ልኩ ይመልሰው?»

«ዝም ብሎማ አይሆንም፤ ምን እንዳበላሸች ሳታውቅ ትቀራለች። አልቀበልም ብሎ ምክንያቱን ይንገራት፤ ሙቀቱም በነበረበት ይቆይ። ከሰው እጅ የመጣ ቁጥር ሳይፈተሽ ማሞቂያው ጋ አይድረስ።»

ባልዲው ሞላ። ሽማግሌው እህታቸው ልታነሣው ስትታገል አዩና አንገታቸውን ደፉ። «እውነትሽን ነው። እንቁላሎቹን የፈጀኋቸው እኔ ነኝ» አሉ።

ድራይቨሩን እንደገና ጻፉት፤ ለሌሎች በሠሯቸው ማሽኖች ላይም እየዞሩ ጫኑት። ዛሬ በነዚያ ቤቶች እጅ ቢስት፣ ዓይን ቢያታልል፣ የሚጠፋ እንቁላል የለም። በመጨረሻ እህታቸውን ወደ ሥራ ክፍላቸው ጠርተው እንድትሞክረው ለመኗት። ሰባ ሦስት ብላ አስገባች። ማሽኑ ጮኸ፤ «ይህ ሙቀት እንቁላሉን ይገድላል፤ አልቀበልም» የሚል ጽሑፍ ወጣ።

ተጠግታ ጽሑፉን አነበበችው።

«ጥሩ ነው፣ ጋሼ» አለች። «ለሌሎቹ ይሁን። እኔ ክፍሏን አስረክቤያለሁ።»