ሣሩስ የማን ነው?

ይሰማል? ከኋላ ያላችሁ ይሰማችኋል? ጥሩ። የእጅ ድምፅ ማጉያውን መልሱት፣ አልፈልገውም፤ በዚያ ነገር የተነሳ አንድ ቀን ሙሉ ቆሻሻ ስለቅም ውያለሁ፣ እደርስበታለሁ። ጋሪው ላይ የተቀመጣችሁት ደግሞ አትወዛወዙ፣ ጎማው አያስተማምንም።

እንግዲህ ዛሬ በዚህ በመናፈሻችን ዕቃ ቤት፣ በአካፋና በውሃ ጎማ መሀል ተጣበን የተቀመጥነው እትዬ አደራን በጡረታ ልንሸኝ ነው። ሥራ አስኪያጃችን "አንተ ንግግር አድርግ" ሲሉኝ "ለምን እኔ?" አልኳቸው። "ከሁላችን አብዝተህ የተጣላሃቸው አንተ ነህ" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እኔ አትክልተኛ ነኝ፤ ሥራዬ ሰው ሣር እንዳይረግጥ መጠበቅ ነው። የእትዬ ሥራ ደግሞ ሰው ጠርቶ ማምጣት። ሁለታችንንም በአንድ ግቢ የቀጠረን መሥሪያ ቤት ምን አስቦ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ደግሞ ባለፈው ሳምንት እትዬ አንድ ጥያቄ ጠይቀውኝ አፌን ይዤ ቀርቻለሁ። መልሱን ዛሬ ሳልሰጥ ከዚህ አልወርድም። ጥያቄውን ቆይቼ እነግራችኋለሁ፤ መጀመሪያ ግን እዳዬን ላወራርድ።

እትዬን መጀመሪያ የመጡ ዕለት ከዚህ ግቢ ያባረርኳቸው እኔ ነኝ።

ከፏፏቴው ፊት ለፊት ያለውን ሣር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ታውቁታላችሁ እንጂ ረግጣችሁት አታውቁም። እኔ ዘርቼ፣ እኔ አጠጥቼ፣ እኔ አጭጄ ያሳደግኩት ነው። ባለቤቴ "ለልጆቻችን እንዲህ ተጨንቀህ ታውቃለህ?" ስትለኝ ወሬ እቀይራለሁ። ታዲያ አንድ ጠዋት ስመጣ አንዲት ሴትዮ ጫማቸውን አውልቀው፣ በእጃቸው አንጠልጥለው፣ ሣሬ መሀል ቆመዋል። ፊሽካዬን ነፋሁ፤ ዞርም አላሉ። ሮጥኩ።

"እትዬ! ክልክል ነው!"

"ምኑ?"

"መርገጡ!"

"መች ረገጥኩት? ቆሜበት ነው እንጂ።"

"ጽሑፉን አላዩትም?"

"አይቼዋለሁ። ጽሕፈትህ ያምራል። ይህ ሣር የማን ነው?"

"የሕዝብ ነዋ!"

"ሕዝቡስ የት አለ?"

"ውጭ!"

አትሳቁ! ያን ጊዜ በጣም ትክክለኛ መልስ የሰጠሁ መስሎኝ ነበር። በክብር እስከ በሩ ሸኝቼ፣ አስወጥቼ፣ በሩን ዘግቼ ተመለስኩ። ሻይዬን ሳልጨርስ ሥራ አስኪያጃችን እኚያኑ ሴትዮ በዚያው በር ይዘዋቸው ገቡ። "ተዋወቁ፣ አዲሷ የዝግጅቶችና የበጎ ፈቃደኞች አስተባባሪያችን ናቸው" አሉ። እትዬ እጃቸውን ዘርግተው፣ "ተዋውቀናል፤ ጋሼ ክልክል አይደሉ?" አሏቸዋ! ከዚያ ቀን ወዲህ በስሜ የጠራኝ ሰው የለም። አማቴ ሳይቀሩ ስልክ ደውለው "ክልክል አለ?" ነው የሚሉት።

እኔም ዝም አላልኩም፤ "አደራ" የሚለውን ቅጽል ስም ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ። ምክንያቱን እዚህ ያላችሁ በጎ ፈቃደኞች በትከሻችሁ ታውቁታላችሁ። እትዬ አንድ ደንብ አላቸው፦ "ልርዳ" ብሎ የመጣ ሰው ከዚህ ግቢ ባዶ እጁን አይወጣም። ትከሻውን ያዝ ያደርጉና "ይህቺን ዛፍ አደራ" ይላሉ። አለቀ። ሰውየው ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የዛፍ አባት ነው። እሱ ጎረቤቱን ያመጣል፣ ጎረቤቱ አክስቱን ያመጣል፣ ዛፉ አለቀ። ወደ ወንበር ተዞረ። ወንበሩም አለቀ። የቆሻሻ ቅርጫቱ፣ የውሃ ቧንቧው፣ የመጸዳጃ ቤቱ በር እጀታ ሳይቀር ባለቤት አገኘ። ሰው ግን መምጣቱን አላቆመም። ጉድ የፈላው ያኔ ነው።

እዚያ ጥግ የተቀመጡት የጥርስ ሐኪሟ ሲመጡ የቀረው አንድ ድንጋይ ብቻ ነበር። ሰጧቸው። እኔ ብሆን "ድንጋይ ምን ይደረግለታል?" ብዬ እጠይቅ ነበር። እርሳቸው ምንም ሳይሉ በሚቀጥለው ቅዳሜ የጥርስ ብሩሽ ይዘው መጡ። ድንጋዩ ዛሬ ከእኔ ጥርስ ይነጣል፤ ይህንንም የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው፣ ሳልጠይቃቸው።

እነዚህ ባልና ሚስት ደግሞ አንድ አግዳሚ ወንበር ለሁለት ተረከቡ፤ ግራው የእሱ፣ ቀኙ የእሷ። ሲኳረፉ ግራው አረንጓዴ፣ ቀኙ ቡናማ ይቀባል። ሲታረቁ ወንበሩ ሙሉ በሙሉ አንድ ቀለም ይሆናል። ሰፈሩ በሙሉ የቤታቸውን ጉዳይ የሚከታተለው ወንበሩን እያየ ነው። ዛሬ ጠዋት ሳልፍ አንድ ቀለም ነበር፤ እንኳን ደስ አላችሁ።

ከሁሉ የሚብሰው የመምህሩ ነው። ጡረታ የወጡት የሒሳብ መምህራችን በመጡ ጊዜ ድንጋይም አልነበረም። እትዬ ግራ ቀኝ አይተው፣ አይተው፣ ከበሩ አጠገብ ዝናብ ያቆረውን ውሃ አዩ። "መምህር፣ ይህቺን ኩሬ አደራ።" መምህሩ ቦቲ ገዙ። በዝናብ ጊዜ ቅጠል ይለቅሙላታል፤ በበጋ እንዳትደርቅ በማጠጫ እያመላለሱ ይሞሏታል። እኔ እዚያው አጠገቧ ለጽጌረዳዬ ውሃ አጥቼ ስለምን፣ ኩሬ ውሃ ትጠጣለች!

አንድ ቀን ታዲያ የመንገድ ሠራተኞች ጠጠር በመኪና ጭነው ሊደፍኗት መጡ። መምህሩ ቦቲያቸውን አጥልቀው መሀሏ ገብተው ቆሙ።

"አባባ፣ ይውጡልን፣ ልንደፍናት ነው።"

"አደራ አለብኝ!"

"የምን አደራ?"

"የኩሬ!"

ሠራተኞቹ አለቃቸውን ጠሩ። አለቅየው እየተቆጣ መጣ። እትዬም ወጡ፤ ትከሻውን ያዝ አደረጉት። ምን እንዳሉት አልሰማሁም፤ ብቻ ሰውየው ኩሬ ሊደፍን መጥቶ የመብራት ምሰሶ ተረክቦ ሄደ። ይኸውና እዚህ መሀላችን ተቀምጧል። ጠጠሩም መኪናው ላይ እንደተጫነ ተመለሰ።

አሁን ወደ ድምፅ ማጉያው ልምጣ። ታላቁን የጽዳት ቀን የማያስታውስ አለ? እትዬ ከሰፈሩ ሁሉ ሰው ጠርተዋል፤ ጓንቱ፣ ማዳበሪያው፣ አንጸባራቂ ሰደርያው ተዘጋጅቷል። ዋዜማውን ግቢውን ዞረው ሲመለሱ ፊታቸው ጠቁሯል።

"ምነው እትዬ?"

"ቆሻሻ የለም!"

ሁሉም ለድርሻው ሲጨነቅ ግቢው አስቀድሞ ጸድቶ አልቋል። በቆሻሻ እጦት ዓይኑ እንባ ያቀረረ ሰው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

"ታዲያ ደስ አይልም?" አልኳቸው።

"ያ ሁሉ ሰው መጥቶ ባዶ እጁን ሊመለስ ነው?"

"ይመለስ።"

"ክልክል፣ አንተ ማለዳ ቀድመህ ግባና ከማጠራቀሚያው ትንሽ አውጥተህ በተን በተን አድርግ።"

"እኔ?"

"አንተን ማን ይጠረጥርሃል?"

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ፣ ዕድሜ ልኬን ሳጸዳ በኖርኩበት ግቢ፣ በማዳበሪያ ላስቲክና ጠርሙስ ይዤ እንደ ዘር እዘራለሁ። በሙያዬ ስለሆነ አዘራሬ እኩል በእኩል ነበር። ለካ ሐኪሟ ማለዳ ድንጋያቸውን ሊቦርሹ መጥተው ኖሯል። "ያዙት!" አሉ። መምህሩ ከነቦቲያቸው ደረሱ። ባልና ሚስቱ፣ ያን ሰሞን ተኳርፈው ነበር፣ እኔን በመያዝ ታረቁ።

"እኔ እኮ አትክልተኛው ነኝ!" እላለሁ።

"አትክልተኛ ቆሻሻ ይዘራል?" ይላሉ።

በመጨረሻ እትዬ ድምፅ ማጉያቸውን ይዘው ብቅ አሉ። ተገላገልኩ አልኩ። እኔን አዩኝ፤ መሬቱን አዩ፤ ሰዉን አዩ። ከዚያ ማጉያውን አፋቸው ላይ አድርገው ለመላው ሰፈር ምን ቢሉ ጥሩ ነው? "እንዲህ ያለውን ሰው እንዳትመቱት! ማስተማር ነው የሚሻለው!" ሰደርያ አለበሱኝ፣ ማዳበሪያ አስያዙኝ። ራሴ የዘራሁትን ራሴ ስለቅም ዋልኩ። እናቶች ለልጆቻቸው በጣት እያሳዩኝ፣ "አየህ? ቆሻሻ የጣለ ሰው መጨረሻው ይህ ነው" ይላሉ። አመሻሹ ላይ እትዬ ሻይ ይዘውልኝ መጡና "ዝግጅቱ እንዴት ተሳካ መሰለህ!" አሉኝ። እዚህ ቤት ውስጥ እስካሁን ድረስ እኔን "ከዚያ በኋላ ተመክሮ ሰው ሆነ" የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ይኸው፣ ዛሬ እውነቱን ስሙ። እትዬ፣ ይካዱኛ!

አልካዱም። አያችሁ? እየሳቁ ነው።

እንግዲህ ቀልዱ ይብቃን። እትዬ፣ አሁን የምናገረው ለእርስዎ ነው።

ባለቤቴ የታመመች ጊዜ ሥራ ትቼ ሆስፒታል ከረምኩ። በጋ ነበር። ያን ጊዜ ስለ ሣር የሚያስብ ልብ አልነበረኝም፤ ግን እሷ ድና ስመለስ ከበሩ ጀምሮ ዓይኔን ወደ መሬት ነበር የደፋሁት፤ ቢጫ ሆኖ፣ አልቆ እንደሚጠብቀኝ አውቄዋለሁ። ቀና ስል አረንጓዴ ነው። ዞርኩት። አንድ ዱካ የለበትም። ለካ መምህሩ፣ ሐኪሟ፣ ባልና ሚስቱ፣ ሁላችሁም ዳር ዳሩን ቆማችሁ በማጠጫ፣ በባልዲ፣ በጣሳ ውሃ እየወረወራችሁ አጠጥታችሁታል። መሀሉ አልደርስ ሲላችሁ መሰላል አጋድማችሁ፣ መሰላሉ ላይ በደረታችሁ ተኝታችሁ ነበር አሉ። ሣሩን ላለመርገጥ!

እትዬን "ለማን አደራ ሰጥተውት ነው?" ብዬ ጠየቅኳቸው። "ለማንም አልሰጠሁም። 'የክልክል ነው' አልኳቸው፤ ሌላ ምንም አላልኩም" አሉኝ። ከመጋዘኑ ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ። ለባለቤቴ እንኳ አልነገርኳትም፤ ዛሬ እዚህ ሆና ሰማች።

ያን ቀን ነው የገባኝ። እርስዎ ከመምጣትዎ በፊት ይህ ግቢ ጽዱ ነበር፣ ጸጥ ያለ ነበር፣ ሰው ግን አልነበረውም። እኔ ያንን ጥሩ ሥራ ብዬ እጠራው ነበር። ተሳስቼ ነበር። እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ።

አሁን ጥያቄውን ልናገር። ባለፈው ሳምንት በሩን ስንዘጋ፣ ቁልፉን በእጃቸው እያገላበጡ፣ "ክልክል፣ ከሰኞ ጀምሮ እኔ እዚህ በምን ምክንያት ነው የምገባው?" አሉኝ።

"ለመንሸራሸር" አልኳቸው።

"መንሸራሸርማ የእንግዳ ነው። ዛፉንም፣ ወንበሩንም፣ ድንጋዩንም ሰጥቼ ጨረስኩ። ለራሴ ያስቀረሁት የለም።"

እትዬ ናቸው እንዲህ ያሉት፤ ለሰው ሁሉ መግቢያ ምክንያት ሲያድሉ የኖሩት እትዬ። ድምፃቸው ሲሰበር ሰምቼ አላውቅም ነበር። ቤቴ ገብቼም እንቅልፍ አልወስደኝ አለ። ግቢውን በሐሳቤ ዞርኩት። እውነትም ሁሉም ተይዟል። መምህሩ ሰምተው "ኩሬዬን ልስጣቸው" ብለው መጡ፤ አለቀሱ እንጂ፣ ለመስጠት ቆርጠው ነበር። መምህር፣ ኩሬዎ ይቆይልዎ።

ምክንያቱም በዚህ ግቢ ለማንም ያልተሰጠ አንድ ነገር አለ። እስቲ ከጠረጴዛው ሥር ያለውን አቀብሉኝ። አመሰግናለሁ። ይህን ታውቁታላችሁ አይደል? "ሣር መርገጥ ክልክል ነው።" ዛሬ ጠዋት በገዛ እጄ ነቀልኩት። ሲነቀል እንዴት እንደጮኸ፣ እኔ ነኝ የማውቀው። ደግ አይደለሁም፣ አትሳሳቱ፤ ሁለት ጊዜ መልሼ ተክዬዋለሁ።

እትዬ፣ ትከሻዎን ያዝ ላድርግ። ሣሬን አደራ።

ከሰኞ ጀምሮ የሚያጠጡት እርስዎ ነዎት። ማጨዱን እኔ አለሁ። ማን ይግባ፣ ማን ይቀመጥ፣ ማን ይንከባለል፣ የሚወስኑት እርስዎ ነዎት፤ እኔ ፊሽካዬን ለባለቤቴ አስረክቤያለሁ። እና ከዚህ በኋላ በምን ምክንያት ትገቢያለሽ ብሎ የሚጠይቅዎት ካለ፣ ሣር ላጠጣ ነው ይበሉት። ደግሞ ይቅሩና ይሞክሩኝ፤ ቢጫ መሆን ሲጀምር ቤትዎ ድረስ መጥቼ ነው የምጮኸው።

በሉ እንነሳ። ብርጭቆአችሁን ያዙ፣ ግን እዚህ አንጠጣም። ውጭ ነው የምንጠጣው፣ ከፏፏቴው ፊት ለፊት። ጫማችሁን እዚሁ አውልቁ። ሥራ አስኪያጅም ያውልቁ፣ ካልሲዎ ቢቀደድም ማንም አያይም።

ለእትዬ አደራ! ጉልበትዎ ማጠጫ ለማንሳት አይነስ፣ ድምፅዎ ያለ ማጉያ ይሰማ፣ ደጅዎ ሰው አይጣ፣ ጤናዎ እንደ ሐኪሟ ድንጋይ ይሁን። ያኔ "ሕዝቡስ የት አለ?" ብለውኝ ነበር። ይኸው እትዬ፣ በባዶ እግሩ ከኋላዎ ቆሟል። ይምሩን።

እናንተ ደግሞ ቀስ በሉ። ማንም ቢጠይቃችሁ አልረገጥነውም፣ ቆመንበት ነው በሉ።