ካዝናው የወጣ ጠመንጃ

ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አስቀድሼ ስወርድ ጎረቤቴን አቶ ቀጀላን ባሕር ዛፍ ሥር ቆመው ብቻቸውን ሲያጉረመርሙ አገኘኋቸው። ድሮ ገበሬ ነበሩ፤ ዛሬ እህል ይነግዳሉ። ሰላምታዬን እንኳ በቅጡ አልመለሱም።

«መምህር፣ የልጄን የጋዲሴን ጋብቻ አፍርሼዋለሁ!» አሉኝ።

«ምነው? ትናንት ሽማግሌ ተቀብለው መርቀው አልነበር?»

«መርቄ ነበር። ለእጮኛዋ ክብር ብዬ የአባቴን ጠመንጃ ከግድግዳ አወረድሁ። የጥይት ካዝናውን በፊቱ ነቅዬ ‹ባዶ ነው፣ ያዘው› ስለው፣ ‹አባባ፣ መጀመሪያ ከፍተን እንየው› አይለኝም? በሽማግሌ ፊት ውሸታም አደረገኝ! ካዝናውን መልሼ ከትቼ ጠመንጃውን ሰቀልሁት።»

እኔም ተናደድሁ፤ በልጁ ግን አይደለም። በእኛ ሰፈር ሰው «ባዶ ነው» ብሎ የሰጠውን ጠመንጃ ከፍቶ ማየት ስድብ ነው። አንድ ሊትር ዘይት ለመግዛት ሱቅ ለሱቅ የምንዞር ሰዎች፣ የነፍስ ነገር ሲሆን አሜን ብለን እንቀበላለን! ይሄ ጨዋነት ከሆነ ጨዋነታችን ይቅርብን።

ቤታቸው ስንደርስ እጮኛው ዶክተር ቢንያም ይቅርታ ሊጠይቅ መጥቶ ከጋዲሴ ጋር ግቢው ውስጥ ቆሟል። አቶ ቀጀላ ገና ሲያዩት ወደ ቤት ሮጠው ገቡና ጠመንጃውን ይዘው ወጡ። ካዝናውን ነቅለው መሬት ላይ ወረወሩት። ጣታቸውን ቃታው ላይ አድርገው «ያውልህ! ስቤ ላሳይህ?» እያሉ ሲያወዛውዙት አፈሙዙ ወደ ጋዲሴ ደረት ዞረ።

ቢንያም እጇን ጎትቶ ከኋላው ደበቃት። «አባባ! ጣትዎን ከቃታው ያንሡ! አፈሙዙን ወደዚያ የአፈር ቁልል ያዙሩት!»

ሽማግሌው ከድንጋጤ የተነሣ አዞሩት። «በገዛ ቤቴ ልታዘኝ?»

«ለእሷ ካልጮህሁ ለማን ልጩህ? ድንገተኛ ክፍል ‹ባዶ ነው› በተባለ መሣሪያ የተመታ ስንቱን ተቀብያለሁ! የሚመታቸው ጠላት አይደለም፤ ወንድም ነው፣ አባት ነው።»

«ካዝናው ወጥቷል እኮ! ጥይቱ ከየት ይመጣል?»

«ጠመንጃው የጎረሳት ጥይት ከካዝናው ጋር አትወጣም። እኔ ወታደር ቤት ያደግሁ ነኝ። አፈሙዙን ከአፈሩ ሳያነሡ መቀባበያውን ይሳቡት። ባዶ ከሆነ እኔው ራሴ ጋብቻውን ትቼ እሄዳለሁ።»

አቶ ቀጀላ በንቀት ፈገግ ብለው ሳቡት። አንዲት ጥይት ተስፈንጥራ ጋዲሴ እግር ሥር ወደቀች።

«አባዬ፣» አለች ጋዲሴ፣ «ልትስበው ነበር እኮ።»

«ጅቡ…» አሉ ሽማግሌው ድንጋይ ላይ ዝርፍጥ ብለው። «በክረምት ጅብ በረቱ ድረስ መጥቶ አቀባብዬ ነበር። ሳልተኩስ ሸሸ። ረሳሁት።»

«እርስዎ አልዋሹም፤ ረሱ» አልኋቸው። «ሰው የሚረሳ ፍጡር ስለሆነ እኮ ነው ከፍተን እንየው የሚባለው።»

ቢንያም አጠገባቸው ቁጢጥ አለ። «አባባ፣ ሁልጊዜ እንደ ጎረሰ ይቁጠሩት። ባዶ መሆኑን አይተው እንኳ ወደ ሰው አያዙሩት። ሊተኩሱ ካልሆነ ጣትዎ ቃታው ላይ ምን ይሠራል? ደግሞስ የግድግዳ ጌጥ ነው እንዴ? ሳጥን ውስጥ ይቆልፉበት፤ ጥይቱንም ለብቻው።»

«ግድግዳዬ ባዶውን ሊቀር?»

«የሠርጌን ፎቶ ስቀልበት» አለች ጋዲሴ።

ሽማግሌው ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው አለቀሱ።

ሠርጉ ያለ ተኩስ አለፈ፤ ደስታውም በዚህ አልጎደለም። ዛሬ እዚያ ቤት እንግዳ ሳይሳቀቅ ይቀመጣል፤ አቶ ቀጀላም ማታ ቁልፉን ኪሳቸው ከትተው በሰላም ይተኛሉ። ባለፈው ሳምንት የጠመንጃውን ፈቃድ ሊያሳድሱ ሲሄዱ አብሬያቸው ነበርሁ። ከግቢው ሳንወጣ ጠመንጃውን ከሳጥኑ አውጥተው አፈሙዙን ወደ አፈሩ አዙረው ከፈቱትና ጠሩኝ።

«መምህር፣ ባዶ ነው አልልዎትም። እርስዎ ራስዎ ይዩት።»

ጎንበስ ብዬ አየሁት። አልተቀየሙኝም።