አትክልተኛ የሚባሉ ሰዎች መሥሪያ ቤት

ክብርት ከንቲባ፣ ክቡር ዳይሬክተር፣ ክቡራትና ክቡራን፣ እንዲሁም በሩ አጠገብ ብርድ በሚገባበት ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጣችሁ የወቅት ሠራተኞች፤

ከሁሉ አስቀድሜ ይህን ግብዣ ላሰናዳችሁልኝ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። የቨርባቫጽ ከተማ የመናፈሻዎች ጽሕፈት ቤት ለአንድ ሠራተኛ ሙሉ አሳማ ሲጠብስ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። መሄዴ ይህን ያህል እንደሚያስደስታችሁ ቀደም ብላችሁ ብትነግሩኝ ኖሮ ከአምስት ዓመት በፊት እሄድላችሁ ነበር።

ዳይሬክተራችን አቶ ላዮሽ ኬርቴስ ወደዚህ ስወጣ እጄን ያዝ አድርጎ፣ «ጋሽ ስፓስ፣ አደራ አታስረዝመው፣ ሾርባው ይቀዘቅዛል» ብሎኛል። አላስረዝምም። ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ዝም ላለ ሰው ሩብ ሰዓት ይበዛበታል እንዴ?

በቅርቡ የተቀጠራችሁ ልጆች ስላላችሁ ይህ የተከበረ መሥሪያ ቤት እንዴት እንደተቋቋመ ልንገራችሁ። ያኔ ዩጎዝላቪያ በሕይወት ነበረች። የከተማችን ሊቀመንበር፣ አፈሩን ገለባ ያድርግለትና፣ አንድ ቀን ከእንቅልፉ ሲነሳ ታላቅ ሐሳብ መጣለት። በከተማው ስድስት ብሔረሰብ አለ። ከየብሔረሰቡ አንድ አንድ ሰው መቀጠር አለበት። ሕጉ ነው። ሊቀመንበሩ ግን በሕጉ አልረካም። «የስድስቱም የቤተሰብ ስም አትክልተኛ ይሁን» አለ። «ስማቸው አትክልተኛ ከሆነ ሥራው በደማቸው ውስጥ አለ ማለት ነው። ማሠልጠኛም አያስፈልገንም።»

ታዲያ ምን ተደረገ? የስልክ ማውጫ ተከፈተ። ከማጃሮቹ፣ ከሃንጋሪዎቹ ማለቴ ነው፣ ኬርቴስ ተገኘ፤ የዳይሬክተራችን አባት ናቸው፣ የሒሳብ መምህር ነበሩ፣ የመጀመሪያው ዳይሬክተርም እሳቸው ሆኑ። ከስሎቫኮቹ ዛህራድኒክ። ከሩማንያዎቹ ግራዲናሩ፣ በየሠርጉ አኮርዲዮን የሚጫወት። ከሰርቦቹ ባሽቶቫኖቪች። ከጀርመኖቹ የተረፈ አንድ ጌርትነር ነበር፣ ሰዓት ጠጋኝ፤ እሱንም ከሆስፒታል አልጋ አስነስተው ነው ያመጡት። ከቡልጋሪያዎቹ ደግሞ እኔ፣ ግራዲናሮቭ፣ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ። በስድስት ቋንቋ ስድስት አትክልተኛ ቆመን ፎቶ ተነሳን። መኮትኮቻ አስጨበጡን። ፎቶውን አሁንም ኮሪደሩ ላይ ታገኙታላችሁ፤ ልብ ብላችሁ ካያችሁት ጌርትነር መኮትኮቻውን ዘቅዝቆ ነው የያዘው።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የግል ስምን ይሆናል፣ አልከራከርም። የቤተሰብን ስም ግን ያወጣው መልአክ አይደለም፣ የግብር ጸሐፊ ነው። መንደር ለመንደር ዞሮ፣ «አንተ ምን ትሠራለህ?» ብሎ ጠየቀ። ሰውየው «ቃሪያ እተክላለሁ» አለ፤ ጸሐፊው አትክልተኛ ብሎ መዘገበው፤ በሚቀጥለው ዓመት ሰውየው ቃሪያው ሰለቸውና ፀጉር አስተካካይ ሆነ። ይህ የኔ ቅድመ አያት ታሪክ ነው። ከዚያ ወዲህ በቤተሰባችን ዶማ የነካ ሰው የለም። እኅት ከተማችን ከሆነችው የጣልያን ከተማ የመጣው እንግዳም ስሙ ኦርቶላኒ ነበር፣ እሱም አትክልተኛ ማለት ነው። ከንቲባችን አቅፈው ሳሙት። ለካ ሰውየው የመኪና ጎማ ሻጭ ኖሯል። ሁለት ቀን ሙሉ ስለ ጎማ ሲያወራ አስተርጓሚዋ «ስለ አፈር ነው የሚያወሩት» እያለች አዳነችን።

በዚያው ፀደይ አንዲት ሴትም ተቀጠረች። እሷን ለፎቶው አልጠሯትም። የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ፣ ሮዛሊያ ሜሳሮሽ። ሜሳሮሽ በማጃር ቋንቋ ባለ ልኳንዳ ማለት ነው። ባለ ልኳንዳን መናፈሻ ውስጥ ማን ያስገባል? ስለዚህ ቅጠል ጠራጊ ተባለች፤ በመጋቢት የምትቀጠር፣ በኅዳር የምትሰናበት።

እኔን «የአደባባዩን ጽጌረዳ ግረዝ» ብለው አሰማሩኝ። ሁለት መቶ ግንድ ጽጌረዳ። ትኬት ስቆርጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ መቁረጥ ምን ይከብደኛል? ቆረጥኩ። ከሥር ከሥሩ፣ አንድም ሳላስቀር ቆረጥኩ። ሊቀመንበሩ በዚያ ሲያልፍ «ደም ነው፣ ደም!» አለ፣ አድንቆ።

በግንቦት ጽጌረዳ አልወጣም። የዱር እሾህ ወጣ። ሮዛሊያ መጥረጊያዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ መጣችና ጎንበስ ብላ ግንዶቹን አንድ በአንድ አየች።

«እንዲህ ቁረጥ ብሎ ማን ነገረህ?» አለችኝ።

«ማንም አልነገረኝም።»

«ያስታውቃል። ደጉ ጽጌረዳ የተዳቀለው ከላይ ነበር፤ አንተ ደጉን ጥለህ የዱሩን አስቀረኸው።»

«ምን ይሻለኛል?»

«ዝም ብለህ ውኃ አጠጣ። እስከ ሐምሌ ለማንም እንዳትናገር።»

በሐምሌ ከእናቷ ግቢ ቅርንጫፍ ቆርጣ መጣች። ከደጉ ቅርንጫፍ ላይ ያልፈነዳች እምቡጥ ከነልጣጯ ትልጣለች፣ የዱሩን ግንድ ልጥ ሰንጥቃ ከሥሩ ትሸጉጣታለች፣ በክር ታስራታለች። ሁለት መቶ ጊዜ። እኔ ክሩን አቀብላት ነበር። ክር በማቀበል በኩል፣ ሐሰት አልናገርም፣ የተዋጣልኝ ነበርኩ።

በሚቀጥለው ሰኔ አደባባዩ አበደ። ከቤልግሬድ ኮሚሽን መጣ። ሜዳሊያ ተሰጠ። ለማን? ለስፓስ ግራዲናሮቭ፣ አትክልተኛ ከነስሙ። በዚያው ዋና አትክልተኛ ተብዬ ተሾምኩ። ሮዛሊያ በዚያ ሰዓት ከኮሚሽኑ እግር ሥር የሲጋራ ቁራጭ ትጠርጋለች። ማታ ቤቴ ሄጄ ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ነገም መጣ፣ ከነገ ወዲያም መጣ። በሰው ወርቅ አይደምቁም ይባላል። ውሸት ነው ክቡራን፤ እኔ ሠላሳ ዓመት ደመቅኩበት፣ ማንም ምንም አላለኝም።

በመካከሉ አገሩ ራሱ ሦስት ጊዜ ስሙን ቀየረ። ስሙ ከሥራው ጋር ይስማማል ወይ ብሎ የጠየቀው የለም። የዋና አትክልተኛ ስም ግን አልተነካም። የትም አልተጻፈም፣ ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ዋና አትክልተኛ አትክልተኛ መባል አለበት። ያለበለዚያ የከተማው መጽሔት ምን ሊጽፍ ነው?

አሁን ቀልዱ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ትንሽ ታገሡኝ።

የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት አንድ የቋሚ ሠራተኛ ቦታ ተከፈተ። ሮዛሊያ ችግኝ ቤቱ ውስጥ አገኘችኝ። ከዚያ በፊት አንድም ነገር ለምናኝ አታውቅም።

«ስፓስ፣ ነገ ኮሚቴው ሲጠይቅህ አንድ ቃል ተናገርልኝ» አለች። «ሌላ አልፈልግም። ያየኸውን ብቻ ተናገር።»

«ምን ጥያቄ አለው» አልኳት።

ኮሚቴው ፊት ቀረብኩ። «ይህች ሴትዮ ሥራ ትችላለች?» አሉኝ። እንግዲህ አስቡት። ትችላለች ካልኩ፣ ምን ምን ትችላለች ይሉኛል። እምቡጥ ታዳቅላለች ካልኩ፣ የትኛውን አዳቀለች ይሉኛል። ያን ጊዜ ሜዳሊያው ምን ሊሆን ነው? ስለዚህ ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? «ታታሪ ናት፤ በተለይ መጥረግ ላይ ጎበዝ ናት» አልኩ።

ቦታው ለአንድ ባሽቶቫኖቪች ተሰጠ። ቃለ ጉባኤ ያዡ ያልኩትን ለሮዛሊያ ነገራት። እኔ በዚያ ክረምት መንገድ ላይ ሳያት ወደ ሌላ ሰፈር እየዞርኩ ከረምኩ። በመጋቢት እንደ ወትሮዋ መጣች፣ ዐይኔን እያየች፣ «መጥረጊያው የት ነው?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ጉዳዩን አንስታ አታውቅም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የሷ አልነቀዘ ይሆናል፤ የኔ ግን ነቅዟል፣ ውስጡ ዱቄት ሆኗል።

ይህች ሴት ከሠላሳ ጊዜ በላይ ተቀጥራ ከሠላሳ ጊዜ በላይ ተሰናብታለች። አንድም ጊዜ ንግግር አልተደረገላትም። እኔ አንዴ ብሰናበት አሳማ ተጠበሰ።

አሁን ደግሞ የኔን ቦታ ማን ይረከበው በሚለው ጉዳይ ኮሚቴያችን እንደ ልማዱ በጥልቀት አጥንቷል። የስልክ ማውጫውን ማለቴ ነው። አንድ ዛህራድኒክ ተገኝቷል፤ አቶ ኦንድሬይ ዛህራድኒክ፣ ሊፍት ጠጋኝ። በከተማችን ሁለት ሊፍት ነው ያለው፣ ሰውየው ጊዜ አይጠፋውም። ባለፈው ሳምንት ዳቦ ቤት ቡሬክ ለመግዛት ተሰልፈን ሳለን ጠጋ አለኝ።

«ጋሽ ስፓስ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ እንዳይሥቁብኝ።»

«አልሥቅም፣ ጠይቀኝ።»

«እኔ ማመልከቻ አላስገባሁም። ደውለው እንኳን ደስ ያለህ አሉኝ። ለመሆኑ ጽጌረዳ የሚገረዘው በስንተኛው ወር ነው? ከየትስ ላይ ነው የሚቆረጠው?»

ሣቅኩበት። ቃሌን አልጠበቅኩም። ከዚያ ቤቴ ገብቼ ቡሬኩን ሳልነካው ጠረጴዛው ላይ ተውኩት። ምክንያቱም ይህን ጥያቄ እኔ የዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመት መጠየቅ ነበረብኝ፤ አፍሬ ተውኩት። ይህ ልጅ ግን ዳቦ ቤት ውስጥ፣ ሰው እየሰማው ጠየቀ። ከሁላችን የተሻለው አትክልተኛ እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ማታውኑ ቤቱ ሄጄ ይህን ሁሉ ነገርኩት። ደብዳቤ ጽፎ ሰጠኝ። ይኸው በእጄ ነው፤ «ቦታውን አልፈልግም፣ ሥራውን ለሚያውቀው ስጡ» ይላል። ኦንድሬይ፣ ተሳስቻለሁ? ራሱን ነቀነቀ፣ አልተሳሳቱም ነው የሚለው።

ክብርት ከንቲባ፣ እባክዎ የስልክ ማውጫውን አያስመጡ። የቀሩት አትክልተኞች ሁለት ናቸው፤ አንዱ የጥርስ ሐኪም ነው፣ ሌላው ሞቷል። ለሟቹም ባለፈው ሳምንት ከቢሮዎ ተደውሎለታል፤ ባለቤቱ ነግራኛለች።

ዛሬ «የክብር አትክልተኛ» የሚል ማዕረግ ልትሰጡኝ አዘጋጅታችኋል። ሰሌዳውን መጋረጃ ሥር አይቼዋለሁ፣ ያምራል። አልቀበልም። ክብሩም የኔ አይደለም፣ አትክልተኛውም እኔ አይደለሁም። በምትኩ ይህን ወረቀት ለቃለ ጉባኤው እንድትቀበሉኝ እለምናለሁ። አጭር ናት፣ ላንብባት።

«እኔ ስፓስ ግራዲናሮቭ፣ በአደባባዩ፣ በባቡር ጣቢያውና በሆስፒታሉ ግቢ በስሜ የተመዘገበው የአትክልት ሥራ ሁሉ የወይዘሮ ሮዛሊያ ሜሳሮሽ ሥራ መሆኑን አረጋግጣለሁ። እኔ በእሷ ትእዛዝ ውኃ አጠጥቻለሁ። የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ለኮሚቴው የሰጠሁት ቃል ሐሰት ነበር። ሜዳሊያውን መልሻለሁ።»

ፈርሜበታለሁ። ኮሚቴው ነገ ጠዋት በሦስት ሰዓት ይሰበሰባል። ይህ ወረቀት ሳይነበብ ስብሰባው ከተዘጋ፣ ጡረተኛ ነኝ፣ ጊዜ አለኝ፤ በየሳምንቱ አደባባዩ መካከል ቆሜ ለአላፊ አግዳሚው አነብበዋለሁ።

ሮዛሊያ፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ይቅርታ እጠይቅሻለሁ። እዚያ በሩ ጋ በደንብ የሚሰማ ከሆነ።

ምን አልሽ? ድምፅሽን ከፍ አድርጊው፣ ክብርት ከንቲባም ይስሙ።

እሺ። ላልሰማችሁ ልድገመው። «ይህን የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ብትለው ኖሮ ጡረታዬ ይሞላ ነበር» ነው ያለችው።

እውነቷን ነው፣ ክቡራን። ለሁሉም ነገር ቀልድ ነበረኝ፣ ለዚህ ግን አጣሁ።

እንግዲህ ልመርቃችሁና ልውረድ። ክብርት ከንቲባ፣ ሰውን በእጁ ሥራ የሚያዩበት ዐይን ይስጥዎ። ላዮሽ፣ ወንበርህን ከአባትህ እንደወረስክ ልጅህ አይውረስህ፤ የራሱን ያግኝ። ኦንድሬይ፣ ሊፍቶችህ አይቁሙብህ፣ መጠየቅህንም አትተው። የወቅት ሠራተኞች፣ ኅዳር አይምጣባችሁ። ጤናና ዕድሜ ለሁላችሁም ይስጣችሁ፣ ቤታችሁ ይሙቅ፣ ልጆቻችሁ ደህና ይደሩ። ከሁሉ በላይ ግን እውነቱን የምትናገሩበትን ቀን ከስንብታችሁ ቀን በፊት ያድርግላችሁ።