አሥራ አንድ ቀን ያሉት ሰው

ታላቅ ወንድማችን ከመካኒክ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው የዛሬ ስልሳ አንድ ዓመት ተወለዱ። ገና ተማሪ ሳሉ፣ አባታቸው ለደንበኛ «ነገ ይመጣል» የሚሉት መለዋወጫ በስንተኛው ቀን እንደ ደረሰ ጋራዡ ግድግዳ ላይ በከሰል እየጻፉ ብዙ ቁጣ ቀምሰዋል።

ሒሳብ አጥንተው በመድኃኒት ማከፋፈያ መሥሪያ ቤት ተቀጠሩ፤ መጋዘኑን፣ መኪናውንና መንገዱን በኮምፒውተር አስመስሎ፣ መድኃኒት የትና መቼ እንደሚያልቅ አስቀድሞ የሚያሳይ ሶፍትዌር በመጣ ጊዜም፣ ሌሎች የጉዞውን ቀን ወንበራቸው ላይ ሆነው በግምት ሲሞሉ፣ እርሳቸው ደብተራቸውን ይዘው ከሾፌር ጎን እየተቀመጡ፣ የጎማ ቅያሪውን፣ የኬላውንና የጭቃውን ሰዓት ሳይቀር መዝግበው ያስገቡ ነበር። ሾፌሮችም «ስንት ቀን» የሚል ስም አወጡላቸው። ከባለቤታቸው ጋር የተዋወቁትም በዚሁ ጥያቄ ሲሆን፣ ፋርማሲስቷ እንደ ሌላው «ይደርሳል፣ ምን ያስቸኩላል» ሳይሉ የሦስት ዓመት መዝገብ አውጥተው ስለ ዘረጉላቸው፣ በዓመቱ ተጋብተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ።

የዚህ ከተማ ሆስፒታል ዕቃ ከማዕከሉ መጋዘን እስኪደርስ አሥራ አንድ ቀን ይፈጃል ብለው አስገቡ። አዲሱ የዕቅድ ኃላፊ ግን ለጉብኝት የመጡ እንግዶችን ለማስደሰት ሲሉ አሥራ አንዱን ሰርዘው አራት አደረጉት፤ ስክሪኑ ላይ እጥረት እያሳየ የቀላው ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ ለመለመ፣ ተጨበጨበም። ወንድማችን ሦስት ደብዳቤ ቢጽፉ ጆሮ ዳባ ልበስ ተባሉ፤ በመጨረሻም የምስጋና ወረቀት አስይዘው በጡረታ ሸኟቸው። መንገዱ ግን ስክሪን አያይም፤ ዛሬም አሥራ አንድ ቀን ነው።

ዘንድሮ ኩላሊታቸው ታሞ እጥበት ጀመሩ። በዚያ በተሰረዘ ቁጥር የተነሣ ሆስፒታሉ የሚያስቀምጠው የአራት ቀን የእጥበት ማጣሪያ ብቻ ነበር። ሰሞኑን አዲስ ማጣሪያ በታዘዘ ዕለት ነርሷ «አይስጉ፣ በአራት ቀን ይገባል» ቢሏቸው፣ ደብተራቸውን አስመጥተው ገጹን ለልጆቻቸው አሳዩ። ማጣሪያው በአራተኛው ቀን አለቀ፤ የጎረቤት ከተማው ሆስፒታልም በዚያው ዕቅድ የሚሠራ ስለሆነ ባዶውን ተገኘ። ዛሬ ማለዳ፣ በአሥረኛው ቀን፣ ዐረፉ። ከመሥሪያ ቤታቸው የተላከው የአበባ ጉንጉን ግን በሰዓቱ ደርሷል።

ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ እንዲሁም ይህን የሕይወት ታሪክ የምታነብላችሁን፣ እንባዋን ንዴት ያደረቀባትን ታናሽ እህታቸውን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን መጠበቅ በሌለበት ያሳርፍልን፤ አራት ብለው ለጻፉት ግን እንቅልፍ አንለምንም። ማጣሪያውን የጫነው መኪና፣ እርሳቸው እንደ ጻፉት፣ ነገ በአሥራ አንደኛው ቀን ይገባል።