የጀማል መሸኛ ዓሣ

በእኛ ጊዜ ወንዝ ዳር መንጠቆ ይዞ የሚውል ሰው ሥራ ፈት ነበር የሚባለው፤ እና እኔ ዕድሜዬን ጭነት መኪና ሥር ተጋድሜ ሞተር ስፈታ የጨረስኩት ሰውዬ በስተርጅና ዓሣ አጥማጅ ልሆን ተነሳሁ። ሳቁ፣ ሳቁ፤ ገና ምኑን ሰማችሁና!

ጀማልን ታውቁታላችሁ አይደል? አጥር ተጋርተን የኖርነው፣ የጨርቅ ሱቅ የነበረው፣ የወሎው ሰው። ታዲያ ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ልጁ «አቦምሳ መጥተህ ከኔ ጋር ኑር» እያለ ነዘነዘው፣ ነዘነዘውና እሺ አሰኘው። ለኔ የነገረኝ በአጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ነው። «በቀለ፣ እሁድ ልሄድ ነው» አለኝ። «ወዴት?» «አቦምሳ።» «መቼ ትመለሳለህ?» ከአጥሩ ላይ የደረቀ ቅጠል ይለቅም ጀመር። በቃ፣ ገባኝ። 

እና እንዲህ ያለውን ጎረቤት ምን አብልቼ ልሸኘው? እኔ ያረድኩትን እሱ አይበላ፣ እሱ ያረደውን እኔ አልበላ። ለፋሲካ ስጠራው ለብቻው በግ ገዝቼ በራሱ ሰው አሳርጄለት ነው፤ ለአረፋ ሲጠራኝ እሱም እንደዚያው። ሁልጊዜ ሁለት ድስት፣ ሁልጊዜ ሁለት ትሪ፤ ያን ሁሉ ዘመን ጎን ለጎን ተቀምጠን ስንበላ የድግስ ምግብ ከአንድ ትሪ ጎርሰን አናውቅም። ታዲያ ዓሣ! ዓሣ ማን አረደው አይባልም። ዓሣ ለሁለታችንም ነው።

አስካለ፣ ባለቤቴ፣ «ከባቱ ሐይቅ የመጣ ይሸጥ የለ፣ ግዛና ልጥበስላችሁ» አለች። ተቆጣሁ። «ጀማልን በበረዶ ዓሣ ልሸኘው? በእጄ ነው የምይዝለት!» አልኩ። ምነው ያኔ አፌን በያዘኝ!

ቅዳሜ ማለዳ ትል ቆፍሬ በቲማቲም ቆርቆሮ ሞላሁና ደጃፍ ላይ አስቀምጬ ኮፍያዬን ላመጣ ገባሁ። ስወጣ ምን ባይ ጥሩ ነው? የአስካለ ዶሮዎች ቆርቆሮውን ገልብጠው አንድም ሳያስቀሩ ለቅመውታል። ጀማል ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ በር ላይ ቆሟል። «ወንዝ ነው የምንሄደው መስጊድ?» ስለው «መሸኛዬ አይደል እንዴ!» አለኝ። ምን ይባላል? በትል ፋንታ ሊጥ ጠቅልለን ወጣን።

ባጃጅ ያዝን። ሾፌሩ ጎረምሳ ነው፤ «መንገዱ ባጃጅ ያስገባል?» ስለው «ራኮ ሂንቀቡ አባባ፣ ችግር የለም» አለ። ታዲያ አዋሽ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረን የሸንኮራ እርሻው መሃል ጭቃው ውስጥ ቅርቅር! «አባባ፣ ትንሽ ግፉልኝ» አይል መሰላችሁ? ገፋን። ሁለት ሽማግሌ ባጃጅ እየገፋን፣ እሱ ነዳጅ ሲሰጠው ጎማው ጭቃውን አንስቶ ጀማል ላይ! ከአንገቱ እስከ እግሩ! ነጩ ጀለቢያ የግድግዳ ምርጊት መሰለ። ያ ጎረምሳ ዞሮ አየውና «ራኮ ሂንቀቡ፣ ሲደርቅ ይራገፋል» አለ። ቆሽቴ አረረ። ጀማል ግን «አብሽር፣ ገና ጠዋት ነው» ይለኛል።

ወንዙ ዳር ደረስንና ተቀመጥን። መጀመሪያ የወረወርኩት መንጠቆ የት ገባ? የራሴ ኮፍያ ላይ። ሁለተኛው ግራር ላይ። ጀማል ሊያወርድልኝ ሲንጠራራ የእሱም ክር እዚያው ተተበተበና ያንን ስንፈታ ረፋዱ አለፈ። ሊጡ ደግሞ ውሃ ሲነካው ይሟሟል፤ ዓሣዎቹ በነፃ ቁርስ እየበሉ ነው የሚሄዱት! «እስቲ ምሳ እንብላና ይቀናን ይሆናል» ብዬ ብዞር የዳቦውን ፌስታል ጦጣ ይዛው ዛፍ ላይ ወጥታለች። እያየችን ትበላለች። እያየችን! ድንጋይ ባነሳ ጀማል እጄን ያዘና «ተዋት፣ እሷም እንግዳ እየሸኘች ይሆናል» ብሎ ይስቃል። እኔ ተቃጥዬ እሱ ይስቃል!

እና ፀሐዩ አናታችንን በልቶ ሊበርድ ሲል፣ ተስፋ ቆርጬ ክሩን ልጠቀልል ስል፣ ጎተተኝ። ጎተተኝ ስላችሁ እንዲህ ዝም ብሎ መሰላችሁ? ክሩ እጄን ሊቆርጠው! «ጀማል! ጀማል ያዘኝ!» ስል ከኋላ ቀበቶዬን ያዘ፣ እኔ ክሩን ያዝኩ፣ ጭቃው አዳለጠን፣ እኔ እስከ ወገቤ ውሃ ውስጥ፣ አንድ ጫማዬን አዋሽ ወሰደው፤ ጀማል «አትልቀቀው በቀለ! ወላሂ እንዳትለቀው!» ይላል። አልለቀቅኩትም። ስበን፣ ስበን፣ ዳር አወጣነው። የክንዴን የሚያህል ዓሣ!

ታዲያ ቀና ብዬ ጀማልን አየሁት። ጀማልም አየኝ። ዓሣው ጢም አለው። ቅርፊት የለውም። አምባዛ ነው፤ አምባዛ! እናንተ ልጆች ዛሬ ምኑንም ትበላላችሁ፣ እኔ ግን ቅርፊት የሌለው ዓሣ በእናት ባባቴ ቤት ገብቶ አያውቅም፤ የንስሐ አባቴስ ምን ይሉኛል? ጭቃው ላይ ዘፍ አልኩ። ያን ቀን ሙሉ የተናደድኩት ቀረና ማልቀስ አማረኝ። ሰውዬው ነገ ሊሄድ ነው፣ አብረን ሳንጎርስ ሊሄድ ነው።

«አንተ ብላው» አልኩት። «ላንተ ችግር የለውም። አስካለ ትጠብስልሃለች፣ እኔ ሽሮ እበላለሁ።»

«ሁለት ድስት?» አለኝ።



መንጠቆውን ቀስ ብሎ ነቀለለትና ያን የመሰለ ዓሣ፣ ያን ሁሉ መከራ ያየሁበትን ዓሣ፣ ውሃ ውስጥ ለቀቀው፤ ጭልጥ! ሄደ። «አበድክ እንዴ ሰውዬ!» ብዬ ጮህኩ። «ምን ትጮሃለህ?» አለ እጁን እየታጠበ። «የመሸኛዬ ዓሣ ካልተበላ ገና አልተሸኘሁም ማለት ነው። ልጄን እንዲህ ነው የምለው፤ በቀለ ዓሣውን እስኪይዝ ድረስ አቦምሳ እንግዳ ነኝ።»

እሁድ አቦምሳ ሄደ። ከዚያ ግን ይኸው እንደምታዩት ገና ወሩ ሳያልቅ «መሸኛዬን ልብላ» ብሎ ይመጣል፣ ወንዝ እንወርዳለን፣ በፀሐይ እንቃጠላለን፣ በቢንቢ እንነከሳለን፣ እንዘፈቃለን፣ ባዶ እጃችንን እንመለሳለን። አስካለ ሽሮ ሠርታ ትጠብቀናለች። ሲነጋ አውቶቡስ ተራ አደርሰዋለሁና «ለሚቀጥለው ትል ቶሎ ቆፍር» ብሎኝ ይሄዳል። ወገቤ አልቋል፣ ጫማዬ አልቋል፤ ኧረ እንዲህ ያለ ጣጣ በጠላትም አይድረስ!

ምን አልክ አንተ አዲሱ ተከራዬ? «ቆሮሶ ዓሣ የሚርመሰመስበት ቦታ አውቃለሁ፣ ቅርፊት ያለው፣ በግማሽ ሰዓት ባልዲ ይሞላል፣ ልውሰዳችሁ» አልክ?

አፍህን ዝጋ! ድምፅህን ቀንስ፣ ጀማል ጓዳ እጁን እየታጠበ ነው። ምን አድርጌህ ነው አንተ ሰው፣ ጓደኛዬን ልታስኬድብኝ?