ባለ አራት ቀለሙ የሽግሽግ ሰሌዳ

ነይ እህቴ፣ ፎጣዎቹን እዚህ አስቀምጪልኝ። እጅሽ ይባረክ፤ አንቺ ያጠብሽው ለጨቅላ ገላ አይሻክርም። ወገብሽስ እንዴት ሆነ? ተመስገን... በሩን ተይው፣ ይናፈስ። ፊት ለፊት ያለው የአለቃችን ቢሮም ክፍት ነው፤ ምን ችግር አለው? የምናወራው ስለ ደግ ሰው አይደል እንዴ?

እኛ እኮ ታድለናል። ነርስ አንድ ቦታ ቆማ እንዳትሰለች የሚጨነቅ አለቃ የት ይገኛል? ጊዜው ሲደርስ ከክፍል ክፍል ያሸጋሽጉናል። አድልዎ አያውቁም፤ እሳቸው ዘንድ የሚያውቅም የማያውቅም እኩል ነው። ሰሌዳቸውን አይተሽዋል? በአራት ቀለም፣ በማስመሪያ... እንዲህ ያለ ነገር ሠርቶ ማን እንዲበላሽበት ይፈልጋል?

ያቺን የጨቅላ ክፍላችንን ቀጭን ነርስ ታውቂያት የለ? ድምፅ የሌላትን። ሁለት ዓመት አጠገቤ አቁሜ አስተማርኳት። መጀመሪያ ሰሞን መርፌ ማንሳት ትፈራ ነበር። ዛሬ ኪሎ ከማይሞላ ልጅ ላይ ከክር የማይወፍር ደም ሥር በአንዴ ታገኛለች። የትንፋሽ መቆጣጠሪያው ሳይጮህ እሷ ትደርሳለች። የምስክር ወረቀቷን የሰጧት እሳቸው ናቸው፤ ፎቶው ላይ ከእሷ ይልቅ የሳቁት እሳቸው ናቸው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? እውነት ነው... ሄደ። ከሰኞ ጀምሮ ካርድ ክፍል ናት።

ኧረ ቅር አላለኝም። እነዚያ ጣቶች ካርድ ሲያወጡ እንዴት ያምርባቸዋል መሰለሽ። ደግሞ ሥራው ሰላም ነው፤ ካርድ ትንፋሽ አጥሮት አያውቅም። እሷ ግን ሞኝ ናት፣ ሌላ ሆስፒታል ጠርቷት መልቀቂያዋን ጽፋ በቦርሳዋ ይዛ ትዞራለች። ወደ ክፍሌ ከመለሱኝ እቀራለሁ ትላለች። እስከ ዓርብ ነው የምትጠብቀው። አንድ መስመር በላጲስ... አይ፣ ምን አገባኝ? ሰሌዳው ይቆሽሻል።

በእሷ ቦታ የመጣችው ከጥርስ ክፍል ነው። ጨዋ ልጅ ናት፣ አልዋሽም። ትናንት አንዱን ጨቅላ አራት ቦታ ወጋችው፤ አምስተኛው ላይ እሷም፣ ልጁም፣ እናቱም አብረው አለቀሱ። ምን ታድርግ፣ ማን አሳይቷት? እኔ አስተምራታለሁ። ሁለት ዓመት ምን አላት? ስታውቅ ደግሞ ይወስዱልኛል፣ እንዳልሰለች። እንዲህ ሲወሰድብኝ ይቺ ሦስተኛዬ ናት... ደክሞኛል እህቴ፣ ለሌላ ሰው አልልም፣ ላንቺ ነው።

ይልቅ ደስ የሚል ወሬ ልንገርሽ፤ የአለቃችን ሴት ልጅ ነፍሰ ጡር ናት አሉ። የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸው ነው። እኔማ ከልቤ ነው የምመርቃቸው። ለማቀፍ ያብቃቸው፤ ቀኑ ሞልቶ፣ ወፍሮ፣ እሪ ብሎ ይወለድላቸው። ቸኩሎ ቢመጣም ግድ የለም፣ ወረፋ ሳይጠብቅ እኛው ጋ እናስተኛዋለን። ፈጣሪ ይርዳትና፣ አዲሷ ነርስ እጇን በእሱ ታፍታታ... አሜን በይ እንጂ።